ከ40ው ሃያ ስድስቱ

ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ሁሉን ቢረሳ አንድ ቁጥር አይረሳም፤ ከ40 ሰው 26። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ.፣ ናዚው አዶልፍ አይክማን ኢየሩሳሌም ላይ ለፍርድ በቀረበበት ዓመት፣ የየል ዩኒቨርሲቲው ወጣት መምህር ስታንሊ ሚልግራም በጋዜጣ ማስታወቂያ ሰዎችን ጠራ። ክፍያው አራት ዶላር ተኩል፤ ሥራው ከግድግዳ ወዲያ ያለ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ መቅጣት። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ ቀጪው ግን አያውቅም። ጋዋን የለበሰው ሰውዬ «ይቀጥሉ» ባለ ቁጥር እየቀጠሉ 26ቱ እስከ 450 ቮልት ዘለቁ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሥነ ልቦና ተማሪዎች ይህን ሲተርኩ እሰማ ነበር። ሰው አዛዥ ካገኘ ይጨክናል፤ አለቀ! እኔን የሚከነክነኝ የሚዘለው ገጽ ነው። ሚልግራም ሙከራውን መልኩን እየለዋወጠ ደጋግሞታል። በአንዱ ዙር ከቀጪው ጎን ሁለት ተባባሪዎቹን ባልደረባ አስመስሎ አስቀመጠ። አንዱ 150 ቮልት፣ ሌላው 210 ላይ ሲደርስ «በቃኝ» ብለው ተነሱ። ያው ማሽን፣ ያው ትእዛዝ፤ ከ40ው እስከ መጨረሻው የሄዱት ግን 4 ብቻ! ይህም በ1965 ታትሟል፤ ማንም አልደበቀውም። ለፈተና ጥያቄ የሚመቸው ግን 26ቱ ነው መሰለኝ።

በ1987 ዓ.ም. በተጀመሩት የቀይ ሽብር ችሎቶች «ታዝዤ ነው» ሲባል ሰምተናል። አጠገባቸው እምቢ ያለ ሰው ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።