የሶዲየም መብራት ለተክል

ባለ ከፍተኛ ግፊት የሶዲየም መብራት በሶዲየም ተን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ወርቃማ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ነው። በብዛት የሚታወቀው በመንገድ መብራትነት ሲሆን፣ ፀሐይ በማይበቃበት ቦታ ተክል ለማሳደግም ያገለግላል። በኔዘርላንድስ የመስታወት ቤቶች ቀኑ በሚያጥርበት የብርድ ወራት ቲማቲምና ጽጌረዳ ይበቅሉበታል።

የውስጡ ቱቦ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ ይሠራል፤ ትኩስ ሶዲየም ተራውን መስታወት ይበላዋልና። አምፖሉ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚገድብ ባላስት ያስፈልገዋል። ለተክል የሚውሉት በብዛት ባለ 400፣ 600 እና 1000 ዋት ናቸው።

ብርሃኑ ቢጫና ቀይ ሲበዛው ሰማያዊ ያንሰዋል፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ ያደገ ችግኝ ግንዱ ቀጥኖ ሊረዝም ይችላል። ሙቀቱ በቀዝቃዛ ቦታ ይጠቅማል፣ በጠባብ ክፍል ግን ቅጠል ያቃጥላል። አብዛኞቹ አምፖሎች ሜርኩሪ ስላለባቸው ሲበላሹ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም። በአሁኑ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው ኤልኢዲ እየተካው ነው።