ዜና ነፍጥ ዘሐዴራ

በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተጻፈ፣ እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ካረፉባቸው ሰፈሮች አንዱ ናሕሊኤል ነበረ፤ በዚህም ስም በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ግድም ከየመን የመጡ አይሁድ በፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ በሐዴራ መንደር ቈረቈሩ። ሐዴራ ራሷ በ1883 ዓ.ም. በረግረግ ዳር የተመሠረተች፣ ከመሥራቾቿ ብዙዎቹን ወባ የፈጀባት፣ ረግረጉንም ለማድረቅ ባሕር ዛፍ የተተከለባት አገር ናት፤ ያው ዛፍ በዚያው ዘመን ግድም በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አዲስ አበባን እንዳለበሳት አንባቢ ያስታውሳል።

ወእምዝ ፍልስጥኤም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ሳለች፣ ያለ ፈቃድ ነፍጥ መያዝ ክልክል ስለ ነበረ፣ ሀጋና የተባለው የአይሁድ ስውር ጦር መሣሪያውን «ስሊቅ» በሚሉት መሸሸጊያ፣ ከመሬት በታችና በግድግዳ ውስጥ ይሸሽግ ነበር። ነፍጡም ከየመንግሥቱ የተለቃቀመ በመሆኑ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይስማማም፤ ጥይትም እንደ ወርቅ ይቈጠር ስለ ነበረ፣ ምልምሉ ከመተኰስ ይልቅ መፍታትና መግጠም አብዝቶ ይማር ነበር። በ1930 ዓ.ም. የሀጋናን ሰዎች የሌሊት ጦር ያሠለጠናቸው እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በጌዴዎን ስም በጠራው ሠራዊት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ጎጃም ገባ፤ እንግሊዞች ለአርበኞቻችን በመጀመሪያ የሰደዱት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጐርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበረና፣ ረዳት ነኝ ባይ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አስቀድሞ የሚያወጣው የማይሻውን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጥኤም ለሁለት እንድትከፈል በወሰኑ ጊዜ፣ በማግሥቱ ጦርነት ተነሣ፤ አሜሪካም መሣሪያ ወደዚያ እንዳይላክ ከለከለች። ስለዚህ ኤሁድ አቭሪኤል የተባለው የሀጋና መልእክተኛ ወደ ፕራግ ሄዶ፣ በጥር ወር ከቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት ጋር የ4,500 ጠመንጃ፣ የ200 መትረየስና የ5 ሚሊዮን ያህል ጥይት ውል ተዋዋለ። ቼኮች ዶላር ይሹ ነበር፤ ሞስኮም እንግሊዝ ከምሥራቅ እንድትወጣ ትመኝ ነበርና ነገሩን አልከለከለችም። ከሁሉ የሚያስደንቀው የነፍጡ ትውልድ ነው፤ ማውዘር የሚባለው ይህ ጠመንጃ ቼኮች በጀርመን ቀንበር ሥር ሳሉ ለሂትለር ወታደር የሠሩት ዓይነት ነበረና፣ የናዚ ንስርና መስቀል በብረቱ ላይ እንደ ታተመ አይሁድን ሊጠብቅ መጣ። በኋላ በአንዳንዱ ላይ የዳዊትን ኮከብ አተሙበት። እኛም እንዲህ ያለውን ነገር አይተናል፤ በ1927 ዓ.ም. ያው ሂትለር፣ በኦስትሪያ ነገር የተጣላውን ሙሶሊኒን በአፍሪቃ ለማድከም ብሎ፣ የጀርመን ማውዘር በስውር ለኢትዮጵያ ሸጧልና። ነፍጥ የሠሪውን ሐሳብ አያውቅም።

ለመጋቢት 23 ቀን አጥቢያ ሌሊት 200 ጠመንጃና 40 መትረየስ የጫነ አንድ አውሮፕላን ቤት ዳራስ በተባለ በተተወ ሜዳ ላይ አረፈ፤ በዚያው ሰሞን ኖራ የተባለች መርከብ ብዙውን በሽንኩርት ክምር ሥር ሸሽጋ ቴል አቪቭ ደረሰች። ከጥቂት ቀን በኋላ 1,500 ያህል ወታደር የኢየሩሳሌምን መንገድ ለመክፈት ዘመተ፤ ለብዙዎቹም መሣሪያው ገና ቅባቱ ሳይጠረግ ታደለ። ከሐዴራ እስከ ቴል አቪቭ ያለውን የባሕር ዳርቻ ይጠብቅ የነበረው የአሌክሳንድሮኒ ብርጌድም እየቈየ በዚሁ ነፍጥ ታጠቀ። በዓመቱ ውስጥ የመጣው ከ30 ሺሕ በላይ ሆነ፤ እኛ «በልጅግ» እንደምንለው እነርሱም «ቼኪ» አሉት። ጥይቱ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ማሠልጠን ቀለለ፤ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ቃል ብዙውን ያዝዝ ጀመር። በቼኮዝሎቫኪያም ምድር፣ ሊባቫ በተባለ ስፍራ፣ የአይሁድ በጎ ፈቃደኞች ብርጌድ ተቋቍሞ በዚያው አገር መኰንኖች እጅ ሠለጠነ። በባሕሩ ዳርቻ የነበሩት ብዙ የአረብ መንደሮች በዚያው ዓመት ባዶ እንደ ቀሩ መዝገብ ጸሓፊ ሊሸሽገው አይገባም።

ቼኪ ዘመቻው ካለፈ በኋላም አልተጣለም፤ አፈ ሙዙ በ7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ ተለውጦ፣ ለተጠባባቂው ጦርና ለወጣቶች ማሠልጠኛ ብዙ ዓመት አገለገለ።