ብረት ለበስ ተሽከርካሪና የአሜሪካ ፖሊስ

የአሜሪካ ከተሞችና ወረዳዎች ፖሊስ «ስዋት» ለተሰኙት ልዩ ቡድኖቹ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚያገኘው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ ከአምራች በመግዛት ወይም ከመከላከያ ሚኒስቴር ትርፍ ንብረት በመረከብ።

ሁለተኛው መንገድ «1033» የተሰኘ መርሐ ግብር ነው። ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት የተሠሩ ፈንጂ የሚቋቋሙ ከባድ ተሽከርካሪዎች ለትንንሽ ከተሞች ሳይቀር የደረሱት በዚሁ ነው። ፖሊስ የተሽከርካሪውን ዋጋ አይከፍልም፤ የማጓጓዣና የጥገና ወጪው ግን የራሱ ነው።

ጠቀሜታው በተኩስ መካከል ሰው ማውጣት ነው። እ.አ.አ በ1997 በሰሜን ሆሊውድ የባንክ ዘረፋ ወቅት ፖሊስ ቁስለኞችን ያነሣው በገንዘብ ማመላለሻ ብረት ለበስ መኪና ነበር።

በ2014 ግን በፈርጉሰን ተሽከርካሪዎቹ በሰልፈኞች ፊት መሰለፋቸው ቁጣ ቀሰቀሰ። በ2015 የኦባማ አስተዳደር በሰንሰለት የሚሄዱትን ለፖሊስ እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ትራምፕ በ2017 ትእዛዙን ሻሩት።

ቁጥጥሩ በክልሎች ደረጃም ቀጥሏል። በካሊፎርኒያ በ2021 የጸደቀው ሕግ ፖሊስ መሰል መሣሪያ ከመረከቡ በፊት የአጠቃቀም ደንቡን ነዋሪዎች በሚገኙበት ስብሰባ ለምክር ቤት አቅርቦ እንዲያጸድቅ ያስገድዳል።