ዲስኩ ከተለወጠ በኋላ የማይነሣ ኮምፒውተር

ዲስኩ ከተለወጠ በኋላ የማይነሣ ኮምፒውተር የሚባለው፣ የመረጃ ማከማቻው፣ ይኸውም ሃርድ ዲስኩ፣ በሰፊ ወይም በፈጣን ዲስክ ከተተካ በኋላ፣ መብራቱ እየበራና ማራገቢያው እየዞረ፣ ወደ ዊንዶውስ ወይም ወደ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይገባ በጥቁር ገጽ ላይ ቆሞ የሚቀር የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። በጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ አንሥቶ እስከ ማራኪ፣ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶችም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ዕድሜ የጠገበ ማሽን በአዲስ ዲስክ ሌላ ዘመን እንዲያገለግል የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ ሕመሙ ለባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው መድኃኒቱ ሁልጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ብቻ አለመሆኑ ነው።

የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ሃርድ ዲስክ የሚባል ዕቃ ገና ለገበያ አልወጣም ነበር፤ አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ ከ50 ሰፋፊ ሳሕኖች የተደረደረ ግዙፍ መሣሪያ ሆኖ ሳለ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። የዛሬው ዲስክ በኪስ እየገባ የብዙ ሺህ እጥፍ ቢይዝም፣ ራሱን በራሱ ማንሣት ግን አይችልም። በማዘር ቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ ወይም ተተኪው ዩኢኤፍአይ አስቀድሞ ነቅቶ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ማለትም ራሙን፣ እንዲሁም የቁልፍ ሰሌዳውን መርምሮ፣ ከዚያ በዲስኩ ላይ የአስነሺውን ፕሮግራም ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ያጣ እንደ ሆነ፣ በዲስኩ ውስጥ ያለው ሰነድ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ የአቋቋም ምስክር ቤት በሆነችው በጎንደር በኣታ መዘምራኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ቆመው መሪጌታው ዜማውን ሳያነሣ እንደ ቀረ ማኅሌት፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሥራው አይጀመርም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አለመነሣቱ ዲስኩ ለመበላሸቱ፣ ይልቁንም ሰነዱ ለመጥፋቱ፣ በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

አስተዋይ ጠጋኝ ምርመራውን ከገጹ ይጀምራል። የፋብሪካው ምልክት እንኳ ሳይታይ ገጹ ባዶ ከሆነ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ምናልባት ዲስኩን ሊያስገባ የገባው እጅ ራሙን ከቦታው አነቃንቆት ይሆናልና፣ ራሙ ወጥቶ፣ እግሩ በላጲስ ተጠርጎ፣ ተመልሶ በደንብ ይጫን። ምልክቱ ታይቶ የሚያስነሣ ዲስክ አልተገኘም የሚል ቃል ከተከተለ ግን ወደ ሴታፕ፣ ማለትም ወደ ባዮሱ ማስተካከያ ገጽ፣ ገብቶ፣ አዲሱ ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል። ከሌለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የገመድ ነው፤ የሳታ ዲስክ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፣ አንዱ ባለ 7 እግር የመረጃ፣ ሌላው ባለ 15 እግር የኃይል። ኤንቪኤምኢ የተባለው ቀጭን ዲስክ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ በብዙዎቹ ማዘር ቦርዶች ላይ፣ በአስማሚ ቢሰካና ዊንዶውስ ቢያየው እንኳ፣ ለማስነሣት አያገለግልም፤ ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው የማዘር ቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር2032 የምትባለው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ የሴታፑን ትእዛዛትና ሰዓቱን የምትጠብቅ ስትሆን፣ ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ግን ከፓወር ሳፕላዩ የሚመጣው ጥቂት ኃይል ሥራዋን ስለሚያግዝ፣ ሞታ ሳለ ሞቷ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ትቆያለች። ጠጋኙ ዲስኩን ለመለወጥ ገመዱን በነቀለ ጊዜ የተጻፈው ሁሉ ይሰረዝና ሴታፑ ወደ ፋብሪካው ሥርዓት ይመለሳል፤ በዚህም ጊዜ የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ ከተባለው ወደ ሬይድ ወይም ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዊንዶውስ ሊነሣ ጀምሮ በሰማያዊ ገጽ ይወድቃል። ባለቤቱ አዲሱን ዲስክ ይከስሳል፤ ሻጩም መብራት ኃይልን። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሰዓቱና ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ከተገኙ፣ ባትሪዋን ለውጦ፣ አሠራሩን ወደ ነበረበት መልሶ እንደገና መሞከር ነው፤ ከዚህ በፊት ዊንዶውስን አጥፍቶ መጫን የቸኮለ ፍርድ ይመስለኛል።

ዲስኩ በዝርዝሩ ታይቶ፣ የአነሣሥ ቅደም ተከተሉም ተስተካክሎ ካልተነሣ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ በተደረገው ቅጂ ላይ ነው። አሮጌው የዲስክ አከፋፈል ሥርዓት፣ ኤምቢአር የተባለው፣ አስነሺውን ትእዛዝና የአራት ክፍልፋዮች ሰንጠረዥ በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ የሚያኖር ሲሆን፣ ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ አዲሱ፣ ጂፒቲ የተባለው፣ ከዩኢኤፍአይ ጋር ተስማምቶ የሚሠራና አስነሺውን ለብቻው በተለየች ትንሽ ክፍልፋይ የሚያስቀምጥ ነው። ጠጋኙ «ሲ» የተባለውን ትልቁን ክፍል ብቻ ገልብጦ ትንሿን ከተዋት፣ ወይም በኤምቢአር የተዘጋጀን ዲስክ ዩኢኤፍአይን ብቻ በሚቀበል ማሽን ላይ ከሰካ፣ ኮምፒውተሩ አይነሣም። መፍትሔው የዊንዶውስን መጫኛ በፍላሽ አዘጋጅቶ በመጠገኛው ክፍል በኩል የጎደለችውን ክፍልፋይ ፈጥሮ፣ ወይም ኤምቢአሩን ወደ ጂፒቲ ለውጦ፣ አስነሺውን እንደገና መጻፍ ነው፤ ዲስኩን ሙሉውን እንዳለ የሚገለብጡ፣ እንደ ክሎንዚላ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ። ከግልበጣው በኋላ በመጀመሪያው አነሣሥ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ መቆየት አለበት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መታወቂያ ስለሚይዙ ዊንዶውስ አንዱን ለሌላው ሊሳሳት ይችላል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ከሳሕኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ራሱ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል፤ በዚህም ምክንያት፣ ታሽገው በሂሊየም ከተሞሉት በቀር፣ ሠሪዎቹ በተለምዶ ሥራውን እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ይወስኑታል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅም ከ2,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብለው ከወሰኑ በታች ናቸው፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት ሳንቃበርና ጨነቅ ግን ወሰኑን ያልፋሉ። በእነዚህ ቦታዎች የሚተከል ማሽን የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ያሻዋል። በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ በልብስ ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይመታ፣ ጠጋኙ ዲስኩን ከመንካቱ በፊት የሳጥኑን ብረት ይንካ።

ማሽኑ ከተነሣም በኋላ አንድ ድንጋጤ ይቀራል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከሆነ፣ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆነው ይከፈታሉ፤ ምክንያቱም እነዚያ ፊደሎች የግዕዙን መልክ በላቲኑ ቁጥር ላይ የሚያለብሱ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነውና። የፓወር ግዕዙ ፊደል በአዲሱ ዲስክ ላይ ሲጫን ጽሑፉ እንደ ነበረ ይነበባል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሰነድህ ሁሉ በአዲሱ ዲስክ ላይ ተከፍቶ እስኪነበብ ድረስ አሮጌውን ዲስክ ስምና ቀን ጽፈህበት በደረቅ ቦታ አኑረው እንጂ ለማንም ጠጋኝ «አጥፋው» ብለህ አትስጥ።