ኮድ ሼር እና የአብራሪዎች አቋም

ኮድ ሼር አንድ አየር መንገድ በራሱ የበረራ ቁጥር የሸጠውን ጉዞ ሌላ አየር መንገድ በራሱ አውሮፕላንና ሠራተኞች የሚያበርበት ስምምነት ነው።

በኢትዮጵያ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዶች ኅብረት የሆነውን ስታር አሊያንስን ተቀላቅሏል፤ ከሉፍታንዛና ከዩናይትድ አየር መንገዶች ጋርም ኮድ ይጋራል። በ2010 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ አድርጎ በረራ የጀመረው አስካይ አየር መንገድም አጋሩ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መስመሮቹን ግን በራሱ አብራሪዎች ይሸፍናል። ከደብረ ታቦር በመኪና ባሕር ዳር ደርሶ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር የደቡብ ጎንደር መንገደኛ፣ ኮድ ሼር የሚያጋጥመው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ወዲያ ባለው ጉዞ ነው።

የአብራሪዎች አቋም፦ ክርክሩ የጠነከረው በአሜሪካ ነው። የትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪዎች ሥራቸው በኮድ ሼር አነስተኛ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ክልላዊ አጓጓዦች እንዳይዛወር በኅብረት ስምምነታቸው የእነዚህን አጓጓዦች አውሮፕላኖች ብዛትና መጠን ይገድባሉ፤ የተለመደው ጣሪያ 76 መቀመጫ ነው። የአሠራሩ ደጋፊዎች በበኩላቸው መንገደኛ የሚያንስባቸው ከተሞች በረራ የሚያገኙት በእነዚህ አጓጓዦች ነው ይላሉ።

ደኅንነት፦ የካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ክልላዊው አጓጓዥ ኮልጋን ኤር በኮንቲኔንታል አየር መንገድ ስም ሲያበረው የነበረ አውሮፕላን በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ አደጋ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለረዳት አብራሪዎች የሚጠየቀውን ልምድ በጥቅሉ ወደ 1,500 የበረራ ሰዓት አሳደገ፤ ትኬት ሻጮችም በረራውን የሚያካሂደውን አየር መንገድ በግልጽ እንዲያሳውቁ አስገደደ።