ሥራ የለቀቀ ሰው ሕክምና፦ ከባሕር ዳር እስከ ፎገራ

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠራ፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫና የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የዚያው ዘመን ሥራዎች ናቸው። ጣና ዳር የፋብሪካ ደመወዝተኛ የበዛው ያኔ ነው። ሲታመም ማን ያሳክመዋል ለሚለው ጥያቄ ግን ሕጉ ግማሽ መልስ ብቻ ሰጠ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እሱን በተካው 1156/2011 አሠሪ የሚገደደው ሥራው ለጎዳው ሰው ነው። የጉዳቱን ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምናውንና መድኃኒቱን፣ ሰው ሠራሽ አካል ሳይቀር ይከፍላል፤ ሕክምናው የሚቋረጠውም በሕክምና ቦርድ ውሳኔ እንጂ በአሠሪው ፈቃድ አይደለም። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ የልጅ ሕመሙ ግን በሕብረት ስምምነት ካልተካተተ የሠራተኛው ዕዳ ነው። ቢካተትም ሰውየው ሥራውን የለቀቀ ዕለት ያከትማል።

ሰውን ተከትሎ የሚሄድ ዋስትና የተጀመረው ከፋብሪካው ግቢ ሳይሆን ከሩዝ ማሳ መሆኑ ያስገርማል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና በጣና ምሥራቅ ያለው ሩዝ አብቃዩ ፎገራ ነበሩ። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ ነው፤ የድኻ ድኻውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። አሠሪ የሌለው ገበሬ፣ አሠሪ ያለው የከተማ ሠራተኛ ያጣውን አገኘ።

ይህ መድን ስስ ነው፣ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ይጠፋል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ሥራ የለቀቀውንም እንዲያሳክም አሠሪውን ማስገደድ ይሻላል ለሚለው ግን መልስ አለኝ። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ የለቀቀ ሰው በቀድሞ መድኑ እስከ 18 ወር እንዲቆይ በሕግ ፈቀደች፤ ሆኖም ሙሉ ክፍያው በአብዛኛው በሥራ ፈቱ ትከሻ ላይ ነው፣ ከ20 ሠራተኛ በታች ያለውን ድርጅትም ሕጉ አይነካውም። የኮሮና ወረርሽኝና ጦርነት የጣናን ጎብኚ ሲያርቁ እንደታየው ደግሞ፣ አሠሪው ሆቴል ራሱ ሲዳከም በእሱ ላይ የተጣለ ግዴታ ማንንም አያሳክምም። የተሻለው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ነበር፤ ሠራተኛና አሠሪ እያንዳንዳቸው 3 ከመቶ፣ ጡረተኛ 1 ከመቶ የሚያዋጡበት። የደመወዝ ቅነሳው ቅሬታ አስነሥቶ ለዓመታት ተራዘመ። ቢጀመርም እንኳ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የተሰናበተ ሰው በሁለቱ መድኖች መካከል ይወድቃል፤ ወደ ማኅበረሰቡ መድን ለመግባትም የምዝገባው ወቅት እስኪደርስ መጠበቅ አለበት።