በዓባይ ዳር የተከፈተ ወለድ የለሽ ባንክ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት የግብፅ ከተማና በዚያች ከተማ ተከፍቶ ስለ ነበረው ባንክ ነው። ከተማዪቱ ሚት ጋምር ትባላለች። ዓባይ ካይሮን ካለፈ በኋላ ለሁለት ይከፈላልና፤ ወደ ዲምያጥ በሚወርደው በምሥራቁ ቅርንጫፍ ዳር የተቈረቈረች ናት። ጥጥና እህል የሚያበቅለው ያ ጥቁር አፈር አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የሄደ መሆኑን አድማጮቻችን ያውቁታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የባንክ ወሬ ለጆሮ አይጥምም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ባንክ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሕዝብ፤ ንግዱና መንግሥቱ በወለድ በሚንቀሳቀስበት በዛሬው ዓለም እንዴት አድርጎ ሠርቶ ይኖራል? የሚል ነው።

ቁርኣን ንግድን ፈቅዶ በዐረብኛ «ሪባ» የሚባለውን አራጣ በብርቱ ቃል ከልክሏል። ክልከላው የእስልምና ብቻ አይደለም፤ ገንዘብን በአራጣ ማበደር ነውር መሆኑን ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አስቸጋሪው ነገር ዛሬ ባንክ የሚከፍለው ወለድ ያ ጥንት የተከለከለው ሪባ ነው ወይስ አይደለም? የሚለው ነው። የግብፅ ፖስታ ቤት በ1901 የቁጠባ ሣጥን ባቋቋመ ጊዜ፤ ገንዘባቸውን አስቀምጠው ወለዱን ግን አንቀበልም ያሉ እስላሞች ብዙዎች ነበሩ። ክርክሩም ከፖስታ ቤት እስከ ሙፍቲው እስከ ሙሐመድ ዐብዱህ ደረሰ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፤ በ1965፤ በአል አዝሀር ሥር ያለው የእስልምና ጥናት ጉባኤ በካይሮ ተሰብስቦ፤ ወለድ ለፍጆታ በተወሰደ ብድር ላይም ሆነ ለንግድ በተወሰደ ብድር ላይ ያው ክልክል ነው ሲል ወሰነ።

ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ባላገሩ ግን የሚያደርገው አልነበረውም። ጥጡን ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ወይ በቤቱ ይደብቀዋል፤ ወይ ለሚስቱ የወርቅ አምባር ይገዛበታል፤ ወይ ጎሽ ይጨምርበታል። ልጁን ሲድር ወይም ሲታመም ደግሞ ወደ አበዳሪው ደጅ ይሄዳል። እንግዲህ ወለድ አልቀበልም ብሎ ከባንክ የራቀው ሰው፤ በችግሩ ቀን ከማንኛውም ባንክ ለባሰ አራጣ ይጋለጣል ማለት ነው። ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

በዚያ ዘመን በመጻሕፍት በኩል ብዙ ተደክሟል። በኢራቅ የነጀፉ ሊቅ ሙሐመድ ባቂር አል ሰድር በ1961 «ኢቅቲሳዱና» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ ትርጓሜው «ኢኮኖሚያችን» ማለት ነው። በእርሱም የማርክስን ትምህርትና የካፒታሊዝምን ሥርዓት ተራ በተራ መርምረው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ ብለው ጻፉ። ሊቁ በ1980 በኢራቅ መንግሥት ተገድለዋል። መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል፤ ነገር ግን አንድን ባላገር ከአበዳሪው ደጅ ለማውጣት መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም።

ሥራውን በእጁ የጀመረው አሕመድ አል ነጃር የተባለ ግብፃዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነው። በጀርመን አገር ሲማር የከተማዎቹን የቁጠባ ባንኮች ተመለከተ። እነዚህ ባንኮች ሠራተኛውና ገበሬው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ የሚያስቀምጥባቸው፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ ለዚያው አካባቢ ሥራ የሚውልባቸው ነበሩ። አል ነጃር ያየውን አሠራር ወለዱን አውጥቶ ወደ አገሩ ለማምጣት አሰበ፤ በ1963 በሐምሌ ወርም የሚት ጋምር ባንክ ተከፈተ።

በዚህ ባንክ ሦስት ዓይነት ሒሳብ ነበረ። አንደኛው የቁጠባ ነው። አስቀማጩ ወለድ አያገኝም፤ ነገር ግን ገንዘቡን በፈለገ ጊዜ ያወጣል፤ ችግር ሲደርስበትም ያለ ወለድ አነስተኛ ብድር ለመጠየቅ መብት አለው። ሦስተኛው የዘካና የምጽዋት ገንዘብ ሲሆን፤ ለድሆችና ለተቸገሩ የሚሰጥ ነበር። ሁለተኛውን ወደ ኋላ ያስቀረነው ሰፋ አድርጎ ለመናገር ነው፤ የነገሩ ሁሉ ምሰሶ እርሱ ነውና።

ሁለተኛው የሥራ ማስኬጃ ሒሳብ ነበረ። በዚህ ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው እንደ አበዳሪ ሳይሆን እንደ ሸሪክ ይቈጠራል። ባንኩ ገንዘቡን ለባለ እጅ ወይም ለአነስተኛ ነጋዴ ሰጥቶ በሥራው ይካፈላል፤ ትርፍ ሲገኝ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፋፈላሉ። የጥንት እስላሞች ይህንን ውል ሙዳረባ ይሉታል። ነቢዩ ሙሐመድ ገና በነጋዴነታቸው ጊዜ በባለጸጋዪቱ በኸዲጃ ገንዘብ ወደ ሻም መነገዳቸውን ለዚህ ውል ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል። በእኛም አገር መሬት ያለው ሰው ጉልበት ካለው ጋራ «የእኩል» ማረሱ ከዚህ የሚቀራረብ ነው። የሙዳረባ ልዩነቱ ኪሣራ ሲመጣ ይታያል፤ ሠራተኛው ድካሙን ብቻ ሲያጣ የገንዘቡን ኪሣራ የሚሸከመው ባለ ገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ካላጠፋ በቀር ዕዳ አይከተለውም። በወለድ ብድር ግን ተበዳሪው አተረፈም ከሰረም ወለዱ ይቈጠርበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው፤ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም።

የባንኩ ሠራተኞች በጽሕፈት ቤታቸው ተቀምጠው ሰው አልጠበቁም፤ ቡና ቤቱና መስጊዱ፤ የመንደሩም ሸንጎ መነጋገሪያቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የአስቀማጮቹ ቍጥር ከ17 ሺሕ በላይ ሆነ። በአራተኛው ዓመት ከ250 ሺሕ አለፈ፤ ቅርንጫፎቹም ዘጠኝ ደረሱ። ባንክ ቤት አይቶ የማያውቅ ገበሬ እንዲህ በብዛት ሲመጣ፤ ባላገር መቈጠብ አይወድም የሚለው አባባል ከንቱ መሆኑ ተገለጠ።

ታዲያ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ይህ ባንክ በስሙ ላይ «እስላማዊ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የገማል ዐብዱል ናስር መንግሥት ከእስላም ወንድማማቾች ማኅበር ጋራ ከ1954 ጀምሮ በጠላትነት ይተያይ ነበር፤ በ1965 ብዙዎች ታሰሩ፤ በ1966ም ጸሓፊው ሰይድ ቁጥብ ተሰቀሉ። ትልልቆቹ የግብፅ ባንኮችም በ1960 እና በ1961 በመንግሥት ተወርሰው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሃይማኖት ስም ባንክ ማቋቋም ራስን ለጥርጣሬ ማጋለጥ ስለ ሆነ፤ አል ነጃር ሥራውን «የአገር ቤት ቁጠባ» ብሎ ጠራው። ባላገሩ ግን ስሙን ትቶ ግብሩን አይቶ መጣ።

ያም ሆኖ ባንኩ ብዙ አልኖረም። በ1967 ሥራው ለመንግሥት ባንኮች ተላለፈና በወለድ መሥራት ጀመረ። ያለ ወለድ የቈየው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዕድሜው ማጠሩን አይተው አሳቡም አብሮ ከሸፈ የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይመስለንም፤ ባንኩ የቆመው አስቀማጭ አጥቶ አልነበረምና። ያው የግብፅ መንግሥት ራሱ በ1971 ያለ ወለድ የሚሠራውን የናስር ማኅበራዊ ባንክ በሕግ አቋቋመ። በሩቅ ምሥራቅም የማላያ እስላሞች ለሐጅ ጉዞ የሚቈጥቡበት ድርጅት ሚት ጋምር በተከፈተበት በዚያው በ1963 ተመሥርቶ ነበር። በ1975 የዱባይ እስላማዊ ባንክ ተከፈተ፤ በጂዳ ከተማም የእስላም ልማት ባንክ ሥራውን ጀመረ።

የነዳጅ ዘይት ሀብት የወለዳቸው እነዚህ ታላላቅ ባንኮች ከሚት ጋምር በአንድ ነገር ይለያሉ። አብዛኛው ሥራቸው ሙዳረባ ሳይሆን ሙራበሐ ሆነ፤ ይኸውም ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ ባንኩ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ሊቃውንቱ ዕቃው በእውነት የተገዛና የተሸጠ ሲሆን ንግድ ነው ብለው ፈቅደውታል። ቢሆንም ትርፉ በገበያው ወለድ መጠን ሲሰላ፤ ኪሣራውም በገዢው ላይ ሲወድቅ፤ ከእስላሞቹ ምሁራን መካከል እንኳ «ይህ በጓሮ በር የገባ ወለድ ነው» የሚሉ ተነሥተዋል። እኛም በዚህ ረገድ ወቀሳው ያለ ምክንያት አይደለም እንላለን። ሸሪክ መሆን አድካሚ ነው፤ የሸሪክን መዝገብ መመርመር፤ ሱቁን ማየት፤ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሚት ጋምር ይህን የቻለው ሁሉ በሚተዋወቅበት አውራጃ ስለ ሠራ ነው።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2011 ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነጻ የሆነ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ ከወለድ ነጻ ብቻ ሆኖ የሚሠራ ባንክ እንዲቋቋምም በ2019 ተፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክም በ2021 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ የእስላም ነጋዴ ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ ወለዱን ሳይነካ ይተወው ነበር። አሁን መስኮቱ ተከፍቶለታል፤ በመስኮቱ የሚገባው ገንዘብ ሸሪክ ፈልጎ ወደ ባለ እጁ ቤት የሚወጣበት መንገድ ግን ገና ጠባብ ነው።